የወጣቶች የጕሮሮ ሕመምና በልብ ላይ የሚተወው መዘዝ

በትምህርት ዓመቱ ውስጥ «ቶንሲል ያዘኝ» ብሎ ከክፍል የሚቀር ተማሪ የሌለው መምህር ይኖራል ብለን አንገምትም። አባባሉ ራሱ ጥቂት መታረም የሚገባው ነው። ቶንሲል የበሽታ ስም አይደለም፤ በጕሮሮ ግራና ቀኝ ተቀምጠው በአፍና በአፍንጫ የሚገቡትን ተሐዋስያን ለመከላከል የሚያግዙ የሁለት እጢዎች ስም ነው። ስለዚህ በቀዶ ሕክምና ካልወጣለት በቀር ቶንሲል የሌለው ሰው የለም። ልጁን የያዘው የቶንሲሉ መቈጣት ነው። ነገር ግን በስም መከራከር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ለአንባብያን ለማስረዳት የምንፈልገው ከዚህ የከበደ ነገር ነው፤ ይኸውም የጕሮሮ ሕመም ሁሉ በጥቂት ቀን የሚለቅ ሲሆን፣ ከመካከላቸው አንዱ ዐይነት ግን ከጕሮሮ ከለቀቀ በኋላ ልብን የሚጐዳ መዘዝ ሊተው መቻሉን፣ እኛም በዚህ ጊዜ መድኃኒት የምናዝዘው ከጕሮሮው ይልቅ ለልቡ ብለን መሆኑን ነው።

የጕሮሮን ሕመም ከሚያመጡት ነገሮች ብዙውን ስፍራ የያዙት ቫይረስ የሚባሉት እጅግ ረቂቅ ተሐዋስያን ናቸው። ጕንፋንንም የሚያመጡ እነርሱ ናቸው። በእነዚህ የታመመ ወጣት ያስለዋል፣ ያስነጥሰዋል፣ አፍንጫው ይፈስሳል፣ ድምፁ ይጐረናል፤ አንዳንድ ጊዜም ዐይኑ ይቀላል። ለዚህ ዐይነቱ ሕመም ፔኒሲሊንም ሆነ አሞክሲሲሊን ከቶ አይጠቅመውም፤ ቫይረስን የመግደል ኀይል የላቸውምና። ጨዋታ ላይ ሲጮህ የዋለ ተማሪ፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ጢስ በሞላበት ቤት የሚያድርም ጕሮሮውን ሊያመው ይችላል። (ወንድ ልጅ በ13 ወይም በ14 ዓመቱ ገደማ ድምፁ ቢጐረንን ይህ የዕድገት ምልክት እንጂ በሽታ ስላልሆነ፣ መድኃኒት ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም።)

ሁለተኛው ዐይነት ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣው ነው። ጕሮሯቸውን ከሚታመሙት ከ5 እስከ 15 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች ከመቶው ከ20 እስከ 30 ያህሉን የሚይዛቸው ይህ ነው፤ ባዋቂዎች ላይ ግን ቍጥሩ ከዚህ በጣም ያንሳል። አመጣጡም ድንገተኛ ነው። ጧት ደኅና የነበረ ተማሪ ከሰዓት በኋላ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይነሣል፣ ራሱን ያመዋል፣ ምራቁን እንኳ ሲውጥ ይጨነቃል። አፉን ከፍቶ ቢታይ ቶንሲሎቹ ቀልተውና አብጠው፣ ብዙ ጊዜም በላያቸው ነጫጭ መግል ነጠብጣብ ሆኖ ይገኛል። በላንቃው ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀያይ ነጥቦች ሊታዩ ይችላሉ። ከመንጋጋው በታች በአንገቱ ፊት ለፊት ያሉት እጢዎች ያብጣሉ፣ ሲነኩም ያሙታል። ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሳል አለመኖሩ ነው። የሚያስለውና አፍንጫው የሚፈስሰው ተማሪ በአብዛኛው በጕንፋን የታመመ ነው፤ ሳል ሳይኖረው ትኩሳት ያለበት፣ ቶንሲሉ መግል የያዘና የአንገቱ እጢ ያበጠ ተማሪ ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ሊሄድ ይገባዋል። እርግጥ በዐይን ብቻ አይቶ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለሠለጠነ ሐኪም እንኳ የሚያሳስት ነገር ስለሆነ፣ ምርመራ በሚገኝበት ስፍራ ከጕሮሮ በጥጥ ተጠርጎ ይመረመራል። በማይገኝበትም ጤና ባለሙያው ምልክቶቹን አመዛዝኖ ይወስናል።

እንግዲህ ስለ ልብ የተናገርነውን እናብራራ። የስትሬፕቶኮከስ የጕሮሮ ሕመም ምንም መድኃኒት ባይወሰድለትም ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ራሱ ይሻላል። ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። የሰውነታችን ተከላካይ ኀይል ባክቴሪያውን ለመውጋት መሣሪያ ያዘጋጃል፤ ነገር ግን በባክቴሪያው ልባስ ላይ ያለው ንጥረ ነገር በልባችን፣ በመገጣጠሚያዎቻችንና በአንጐላችን ውስጥ ካለው ጋር ይመሳሰላል። በሌሊት ሌባ ሊይዝ የወጣ ዘበኛ፣ የቤቱ ባለቤት እንደ ሌባው ዐይነት ሸማ ለብሶ ቢያገኘው በዱላ እንደሚመታው፣ የገዛ ተከላካያችንም ልብን ይመታዋል። ይህ በሽታ ሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። የሚነሣውም የጕሮሮው ሕመም ከተረሳ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሕክምና ካላገኙት የስትሬፕቶኮከስ ሕመምተኞች ከመቶው ሦስት ያህሉን ቢይዝ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ነው። ሆኖም አንድ ጊዜ የያዘውን ልጅ፣ በአዲስ የጕሮሮ ሕመም ዳግመኛ የመያዙ ነገር እጅግ የቀረበ ነው። በየተመላለሰም ቍጥር የልብ በሮች ይበልጥ ይጐዳሉ።

የልብ በሮች ያልናቸው ደሙ ወደ ፊት እንዲሄድ የሚከፈቱ፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ ስስ ክዳኖች ሲሆኑ፣ ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። በቍጣው ምክንያት ይወፍራሉ፣ ይኰማተራሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይጣበቃሉ። ከዚያ በኋላ አንዱ በር በደንብ አይዘጋም፣ ሌላው በደንብ አይከፈትም። ጕዳቱ በዝምታ ለዓመታት ሊቈይ ይችላል። በ14 ዓመቷ ጕሮሮዋን ታማ «ዳነች» የተባለች ልጅ፣ በ22 ዓመቷ ስታረግዝ ዳገት መውጣት ያቅታታል፣ ሌሊት ተኝታ መተንፈስ ይቸግራታል፤ በእርግዝና ጊዜ የደሙ መጠን በግማሽ ገደማ ስለሚጨምር የጠበበው በር ሊያሳልፈው አይችልምና። በውጭ አገር ስንማር ይህን በሽታ ከመጽሐፍ እንጂ ከሕሙማን አልጋ ብዙም አላየነውም ነበር። መምህራኖቻችንም እንደ አለፈ ዘመን ታሪክ አድርገው ነበር የሚነግሩን። ወደ አገራችን ስንመለስ ግን ሕመምተኛው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ አገኘነው። እዚያ የቀነሰው የአየሩ ጠባይ ስለ ተለወጠ ሳይሆን፣ ሰው በአንድ ክፍል ተጨናንቆ ማደሩ ስለ ቀረና ፔኒሲሊን በጊዜው ስለሚሰጥ ነው።

ፔኒሲሊንን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ያገኘው አሌግዛንደር ፍሌሚንግ መሆኑን መምህራን ያውቁታል። ሩማቲክ ትኩሳትን የሚከለክል መሆኑ የተረጋገጠው ግን ቈይቶ ነው። በአሜሪካ በዋዮሚንግ ግዛት በሚገኝ የጦር ሠፈር ወጣት ወታደሮች በአንድ አዳራሽ በብዛት ያድሩ ስለ ነበር የስትሬፕቶኮከስ የጕሮሮ ሕመም ይበዛባቸው ነበር። ቻርልስ ራምልካምፕና ባልደረቦቹ የተባሉ ሐኪሞች ፔኒሲሊን የተሰጣቸውን ካልተሰጣቸው ጋር አስተያይተው፣ የተሰጣቸው በሩማቲክ ትኩሳት የሚያዙት በጣም ጥቂት ብቻ መሆናቸውን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1950 ዓ.ም. አስታወቁ። መልሱ ገና ባልታወቀበት ዘመን የተደረገ ስለሆነ እንጂ፣ ዛሬ መድኃኒቱን ከልክሎ እንዲህ ያለ ምርመራ ማድረግ የሚፈቀድ አይደለም። ከዚያም በተከታታይ በተደረገው ጥናት፣ ሕመሙ ከጀመረ እስከ ዘጠኝ ቀን ድረስ ሕክምናው ቢጀመር ልብን ከጕዳት እንደሚያድን ታወቀ። ይህን የዘጠኝ ቀን ነገር አንባቢ በተለይ እንዲይዘው እንለምናለን። «ሦስት ቀን አልፎታል፣ አሁን ምን ይጠቅማል?» ብሎ መተው ስሕተት ነው።

ሕክምናው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ፔኒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን በአፍ ለ10 ቀን መውሰድ ነው። በሦስተኛው ቀን ጕሮሮው ደኅና ስለሚሆን ተማሪው የቀረውን ክኒን በሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ወይም ለታመመ ጓደኛው ያካፍለዋል። ለጓደኛው የሚበቃ መጠን አይሆንም፤ ለእርሱም ባክቴሪያው ከጕሮሮው ሳይጠፋ ይቀራል። ጕሮሮው እስኪሽረው ከሆነ ክኒኑ ባላስፈለገውም ነበር፤ አሥሩ ቀን የታዘዘው ስለ ልቡ ነው። ሁለተኛው መንገድ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባለውን መርፌ አንድ ጊዜ ብቻ በጡንቻ መወጋት ነው። ክብደቱ ከ30 ኪሎ ለሚበልጥ ወጣት መጠኑ 1,200,000 ዩኒት ሲሆን፣ ከሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ የአሥሩን ቀን ሥራ ይሠራል። ስፍራው ያማል፤ ይህን አንሸሽግም። ነገር ግን ይረሳል ተብሎ ለሚፈራለት ተማሪ ከዚህ የተሻለ የለም።

በተለይ እነማን እንደሚረሱ መምህራን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። ከገጠር መጥተው በከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩት ወጣቶች፣ ሦስትና አራት ሆነው በአንዲት ክፍል ያድራሉ፤ ባንድ ኩባያ ይጠጣሉ፤ አንዱ ጕሮሮውን ቢታመም ሌሎቹ በሳምንቱ ይከተሉታል። ትኩሳቱን በእጇ የምትዳስስ እናት በአጠገባቸው የለችም። ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደ አገራቸው ሲሄዱ መድኃኒቱ በኪራይ ቤቱ መስኮት ላይ ይቀራል። የ15 ዓመት ልጅ የራሱ አስታማሚ እንዲሆን የተገደደበት ኑሮ ስለሆነ፣ «ግዴለሽ ነው» ብሎ ከመውቀስ ይልቅ በጤና ጣቢያ ለብቻው እንደሚኖር ተናግሮ መርፌውን እንዲጠይቅ መምከር ይሻላል። በጾም ምክንያት በቀን ክኒን መዋጥ የሚቸግረውም ይህንኑ ለባለሙያው አስቀድሞ ይንገረው፤ አሰጣጡን ማመቻቸት ይቻላል።

ከፔኒሲሊን ጋር የማይስማማ ሰው አለ። ከዚህ በፊት ወስዶት ሰውነቱን ያሳከከው፣ ፊቱ ያበጠ ወይም ትንፋሹ ያጠረበት ቢኖር ሳይናገር እንዳይወስድ፤ በምትኩ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አለ። ስለዚህም መርፌውን አደጋ ቢደርስ የሚረዳ መድኃኒት በተዘጋጀበት የጤና ድርጅት እንጂ በሰፈር መወጋት አይገባም፤ ከተወጉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው መቈየት ያሻል። በሌላ ወገን፣ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ አሞክሲሲሊን እየገዙ ለማናቸውም ጕንፋን መዋጥ ከጥቅም ውጭ መሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ በሰውነት ውስጥ ያሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል። ስትሬፕቶኮከስ ራሱ ፔኒሲሊንን እስከ ዛሬ አለመልመዱ ትልቅ ዕድላችን ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ወጣቶችን የሚይዝ፣ በምራቅ የሚተላለፍና የአንገትን እጢ እጅግ አሳብጦ ለሳምንታት የሚያደክም የቫይረስ በሽታም አለ። በአገራችን ብዙው ሰው በሕፃንነቱ ሳይታወቀው ስለሚያልፍበት በወጣቶች ላይ እምብዛም አይገንንም፤ ይሁን እንጂ ይህ በሽታ ያለበት ሰው አሞክሲሲሊን ቢወስድ ሰውነቱን ሽፍታ ይሸፍነዋል። ጣፊያውም ሊያብጥ ስለሚችል፣ ሐኪም እስኪፈቅድለት ድረስ ከእግር ኳስና ከትግል መቈጠብ አለበት።

ስለ ባህላዊው ሕክምና ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ማር የገባበት ትኩስ ሻይ፣ ዝንጅብል፣ ሾርባ፣ አጥሚት፣ እነዚህ ጕሮሮን ያለሰልሳሉ፣ ሰውነትንም ያበረታሉ፤ የእናቶቻችንን ጥበብ እዚህ ላይ እናመሰግናለን። በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ በቀን ብዙ ጊዜ መጕመጥመጥም ሕመሙን ያቀላል። ለትኩሳቱና ለውጋቱ ፓራሲታሞል በመጠኑ መውሰድ ይበቃል፤ አስፕሪን ግን ለልጆችና ለወጣቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ የታመመውን ጕሮሮ ከማቃጠል በቀር ባክቴሪያውን አያጠፉትም፤ አረቄም እንዲሁ። እንጥል ማስቈረጥ ግን ፈጽሞ ሊቀር የሚገባው ነው። «እንጥሉ ወረደ» የሚባለው፣ ጕሮሮው ሲቈጣ እንጥሉም አብሮ አብጦ ረዘም ብሎ ስለሚታይ ነው፤ ቍጣው ሲበርድ ወደ ቦታው ይመለሳል። የሚቈርጠው ምላጭ የደም መፍሰስን፣ መንጋጋ ቈልፍን፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የጕበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ያመጣል። ከተቈረጠም በኋላ ስትሬፕቶኮከስ በቶንሲሉ ላይ እንዳለ ነው። ቶንሲልን በቀዶ ሕክምና ማስወጣት ራሱ የሚታሰበው ሕመሙ በአንድ ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ፣ ወይም ሁለት ዓመት ተከታትሎ በየዓመቱ አምስት ጊዜ ያህል ሲመላለስ ነው፤ ይህንንም የሚወስነው ሐኪም ነው።

ወጣቱ አፉን መክፈት ካቃተው፣ ድምፁ በአፉ ትኩስ ምግብ እንደ ያዘ ሰው ከታፈነ፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ከተንጠባጠበ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ከቶንሲሉ ጀርባ መግል ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል ያን ጊዜውኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። በጕሮሮው ላይ ግራጫ ስስ ሽፋን ቢታይ ዲፍቴሪያ ሊሆን ይችላልና እንዲሁ ነው። ይህ በሽታ ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው በሚሰጣቸው ክትባት የሚከለከል ነው።

አሁን ደግሞ ለመምህራን ብቻ የምንለው አለ። ሩማቲክ ትኩሳት ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ሐኪም ሳያየው መምህር የሚያየው ጊዜ ብዙ ነው። ትናንት ጕልበቱን ያመመው ተማሪ ዛሬ ቍርጭምጭሚቱን፣ ከነገ ወዲያ ክርኑን ያመዋል፤ ሰዎች «ብርድ መቶት ነው» ወይም «እያደገ ነው» ይላሉ። ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ የሚዞር እብጠት ትኩሳት ከታከለበት ግን ብርድ ብሎ ማለፍ አይገባም። ከዚህም የበለጠ የሚያሳዝነው ሌላው ምልክት ነው። ጽሕፈቷ ያምር የነበረ ልጅ ጽሕፈቷ ይበላሻል፣ እርሳሱ ከእጇ ይወድቃል፣ ፊቷ ያለ ፈቃዷ ይኰማተራል፣ ትከሻዋ ይነቀነቃል፣ ባልተለመደ ሁኔታ ታለቅሳለች ወይም ትስቃለች። ስትተኛ ይተዋታል። ይህ ሁሉ ጕሮሮዋ ከታመመ ከአንድ ወር እስከ ስድስት ወር በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ማንም ከጕሮሮው ጋር አያገናኘውም። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ልጆችን ይበልጥ ይይዛል። መምህሯ «ታፌዝብኛለች» ብሎ ከክፍል ያስወጣታል፤ ቤተሰቧ ጠንቋይ ቤት ሊወስዷት ይነሣሉ። የሚያስፈልጋት ግን ልቧን የሚያዳምጥ ሐኪም ነው።

ክፍሉን በተመለከተ ብዙ አንናገርም። መስኮት ይከፈት፤ ነፋስ ሳይሆን የታፈነ አየር ነው በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰው። የታመመ ተማሪ መድኃኒት ከጀመረ አንድ ሙሉ ቀን ካለፈና ትኩሳቱ ከለቀቀው ወደ ክፍል ሊመለስ ይችላል። ጕርሻን የምንከለክል ሰዎች አይደለንም፤ ጕሮሮው ለሚያመው ሰው ግን ለጥቂት ቀን የብቻ ኩባያና ማንኪያ ቢሰጠው ማንም አይቀየምም።

የልብ በሮች አንዴ ከተበላሹ መመለሻው ቀዶ ሕክምና ነው። ከዚህ ቀደም ሕፃናቱ ለዚሁ ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር፤ በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው ድርጅት በጥር 2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ከከፈተ ወዲህ በአገር ውስጥ ይሠራል፤ ተራ የሚጠብቁት ግን ብዙ ናቸው። የብረት በር የተተከለለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ የሚከለክል መድኃኒት ዕድሜውን ሁሉ ይወስዳል፣ ደሙንም በየጊዜው ያስመረምራል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን በአዲስ አበባ በጠራው ስብሰባ፣ ይህ በሽታ ከክፍለ ዓለሙ እንዲጠፋ የሚያስፈልገው ሁሉ ሲዘረዘር ከተነሡት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ፔኒሲሊን ሳይቋረጥ እንዲገኝ የሚል ነበር።

ሩማቲክ ትኩሳት አንድ ጊዜ የያዘው ወጣት ባክቴሪያው ዳግመኛ እንዳይገባበት ያንኑ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይወጋል። ልቡ ያልተነካ ቢያንስ ለ5 ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን ጊዜ፤ የልብ በሩ የተጐዳ ለ10 ዓመት ወይም እስከ 40 ዓመት ዕድሜው፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ። በየክፍሉ እንዲህ ያለ ተማሪ ይኖር እንደ ሆነ መምህራን ጠይቀው እንዲያውቁ፣ የመርፌው ቀን ከፈተና ቀን ጋር ቢገጥም ፈተናውን በሌላ ቀን እንዲሰጡት፣ ዕረፍት ወጥቶ ወደ አገሩ ሲሄድም የቀጠሮ ካርዱን ይዞ በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ እንዲወጋ እንዲያስታውሱት እንጠይቃለን።